በግራ ያለችው መስመር

ኩንቲያ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የላቦራቶሪውን ላስቲክ ነጠላ ጫማ የምታጠልቀው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ ያረፈደችው ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንዱን ቀን ዝናቡ የፕኖም ፔንን መንገድ ሞልቶት የተሳፈረችበት ሞተር መሃል ጎርፍ ላይ ጠፋባት። ሌላው ቀን የልጇ አስከሬን በተቃጠለ ማግስት ነው። ያን ቀንም አረፈደች እንጂ አልቀረችም።

ሥራዋ የማይታየውን ማብዛት ነው። ከታመመ ሰው ጉሮሮ ወይም ከሞተ ዳክዬ አፍ በጥጥ ተጠርጎ የሚመጣ ናሙና አለ። እዚያ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ካለ ስምንት ጂኖች አሉት፤ ግን ከመጠናቸውና ከቁጥራቸው ማነስ የተነሳ እንዲሁ ቢፈልጓቸው አይገኙም። ስለዚህ ይባዛሉ። ማሽኑ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል፣ መልሶ ያሞቃል። በየዙሩ አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። አርባ ዙር ሲሞላ ያ ኢምንት ነገር ቁጥር የለሽ ሆኖ፣ ጄል በሚሉት ዝልግልግ ሰሌዳ ላይ እንደ ብሩህ ሰረዝ ይወጣል። ከዚያ የጂኖቹ ፊደል ይነበባል፤ ካምናው ጋር ይመሳከራል፤ ቫይረሱ በዓመቱ ምን ያህል እንደተለወጠ ይጠናል።

ላቦራቶሪው ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ንጹሕ ውሃና መድኃኒት ብቻ ይቀላቀላል፤ እዚያ ሰማያዊ ጋዋን ይለበሳል። በሁለተኛው ናሙና ይከፈታል፤ ጋዋኑ አረንጓዴ ነው። በሦስተኛው ማሽኑ ያበዛል፣ ጄሉ ይታያል፤ ጋዋኑ ቢጫ ነው። ጉዞው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ብቻ ነው። ቢጫውን የለበሰ ሰው ያን ቀን ወደ ሰማያዊው ክፍል አይመለስም፤ እስክሪብቶ ረስቶ እንኳ ቢሆን አይመለስም። የተባዛው ነገር የሞላባት ብልቃጥ ስትከፈት ከክዳኗ የምትወጣ፣ ትንፋሽ የማታህል ጠብታ ወደ ንጹሑ ክፍል ከገባች፣ ከዚያ ወዲያ የተነካው ናሙና ሁሉ ጉንፋን ያለበት መስሎ ይታያል።

ይህን ሕግ ያስተማራቸው ሁሉም ሎክ ክሩ፣ መምህሬ፣ የሚሏቸው የቀድሞው ኃላፊ ሳሬት ነበሩ። «የእኛ አገር ወንዝ በክረምት ወደ ኋላ ይፈሳል፤» ይሉ ነበር አዲስ ሰው በገባ ቁጥር፤ «እሱ ወንዝ ስለሆነ ነው። እናንተ አትሞክሩት።» እሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ይህን ለአዲስ ሰው የምትናገረው ኩንቲያ ነች።

ጄሉ ላይ ሁለት ምስክሮች አሉ። በቀኝ ዳር ምንም የሌለበት ውሃ ይቀመጣል፤ እሱ መጨለም አለበት። በግራ ዳር ጉንፋን መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ማመሳከሪያ ይቀመጣል፤ እሱ መብራት አለበት። ግራው ካልበራ ማሽኑ አልሠራም፤ ቀኙ ከበራ ሥራው ቆሽሿል። በሁለቱም መንገድ የቀኑ ውጤት ይጣላል።

በግራ ያለችው መስመር የኩንቲያ ልጅ ነበረች።

ልጅቱ ማሊያ ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነበር። እናትና አባቷ ፕኖም ፔን ሲሠሩ እሷ ፕሬይ ቬንግ ገጠር ከአያቷ፣ ከኩንቲያ አማት ጋር ትኖር ነበር። በበጋው መሃል ዳክዬዎቹ አንገታቸውን እያጣመሙ መውደቅ ጀመሩ። አማቷ ከወደቁት አንዷን፣ ነፍሷ ሳትወጣ አረደቻት። በዚያ አገር የሚሞት ዳክዬ ቀድሞ ይታረዳል እንጂ አይጣልም፤ የሚጥለውን ሰው ጎረቤት ያማዋል። ላባውን የነጨችው ማሊያ ነች። በስድስተኛው ቀን ከተማ ሆስፒታል ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር።

የማሊያ ናሙና ወደ ላቦራቶሪው የመጣው በቁጥር ነው፤ ስም የለውም። ኩንቲያ የዚያን ቀን ፈቃድ ልትጠይቅ ነበር የገባችው። ብልቃጧን ከሌሎቹ ጋር ደርድራ ልትከፍት ስትል ሎክ ክሩ ሳሬት መጥተው ከእጇ ወሰዷት።

«ይቺን እኔ እሠራታለሁ። አንቺ ሆስፒታል ሂጂ።»

ጋዋኗን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ሄደች። ማሊያ በማግስቱ ሞተች።

ከሦስት ወር በኋላ ሎክ ክሩ ቢሯቸው አስጠሯት። ወንበር ሰጧት።

«የእሷ ናሙና ስምንቱም ጂኖች ጥርት ብለው ነው የሚወጡት፤» አሉ። «ለማመሳከሪያ እንዲህ ያለ አላገኘሁም። ካልፈለግሽ ሌላ እፈልጋለሁ። የማን እንደሆነ ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አይኖርምም።»

«በየስንት ጊዜው ነው የምትባዛው?»

«በየቀኑ።»

ኩንቲያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ስታይ ቆየች። «ይሁን፤» አለች።

ሎክ ክሩ ናሙናውን ስልሳ ትንንሽ ብልቃጥ ላይ አካፈሉት፤ ሁሉም ላይ ሰማንያ ሦስት የሚል ቁጥር ተጻፈ። ከሁሉ በሚቀዘቅዘው ፍሪዘር ታችኛው መደርደሪያ ላይ ገቡ። አንዷ ብልቃጥ ስትቆጠብ ሁለት ወር ትቆያለች።

ባሏ ታይላንድ ለግንባታ ሥራ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ኋላ ለአዲስ ዓመት ብቻ፤ ኋላ ደግሞ እሱም ቀረ። ኩንቲያ አልተቀየመችውም። እሱ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም፤ እሷ ግን በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጄሉ ሐምራዊው ብርሃን ላይ ሲቀመጥ፣ ወደ ግራ ታያለች። ሰረዟ ስትበራ በለሆሳስ «አለች» ትላለች። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ትሄዳለች።

አብሯት የሚሠራው ቪቦል ይህን መስማት ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ የጂኖቹን ፊደል የሚያነብና የሚያጠና፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። እሷን እንደ አገሩ ወግ «ሚንግ»፣ አክስቴ፣ ይላታል።

«ሚንግ፣ ግራውስ?»

«አለች።»

«ቀኙስ?»

«የለም።»

«ግራዋ ሴት፣ ቀኙ ወንድ። እኛ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የምትታየው ሚስቴ ብቻ ነች።»

«ሚስትህ ባትታይ አንተን ማን ያይህ ነበር?»

«ውሃሽን ግን እንዲህ ንጹሕ አድርገሽ የምትይዢው፣ ፓጎዳ ወስደሽ ለመነኮሳቱ ልትሸጪው ነው አይደል?»

«ላንተ አፍ ማጠቢያ ነው።»

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት ሄዱ። በአስራ አንደኛው ዓመት፣ በክረምቱ መጨረሻ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ የቀረችው አንዲት ሰማንያ ሦስት ቁጥር ነበረች። እሷም ግማሽ ነበረች።

አዲሷ ኃላፊ ዶክተር ሶፋኒት ከኩንቲያ አምስት ዓመት ታንሳለች፤ «ባንግ»፣ ታላቅ እህቴ፣ ብላ ነው የምትጠራት። የሙታን በዓል፣ ፕቹም ቤን፣ በገባ በሁለተኛው ቀን ሰበሰበቻቸው።

«ከውጭ ያዘዝነው ማመሳከሪያ ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል። በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ከማንም ሰው የተወሰደ አይደለም፤ አያልቅም። ያ ሲመጣ አሮጌውን እናስወግዳለን። እስከዚያ ባንግ ኩንቲያ ያለችውን በቁጠባ ታድርሰን።»

«እሺ፣ ዶክተር፤» አለች ኩንቲያ።

የዚያን ዕለት ማታ አማቷ ከገጠር ደወለች። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ትደውላለች። የሙታን ደጅ በተከፈተበት በዚህ አስራ አምስት ቀን ነፍሶች በየፓጎዳው እየዞሩ ዘመዶቻቸውን ይፈልጋሉ። ዘመድ ደግሞ የሟቹን ስም አስጽፎ ምግብ ያቀርባል፤ መነኮሳቱ ስሙን ያነቡታል፤ ወረቀቱ ይቃጠላል።

«ዘንድሮስ ስሟን ላስጽፍላት?» አለች አማቷ።

«ለከርሞ፣ እማ።»

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለከርሞ ትያለሽ። ልጅቱ ስሟ ሳይጠራ ትዞራለች።»

ኩንቲያ «ደህና እደሪ» አለቻት። አማቷም አልገፋችም። ያን ዳክዬ ያረደው እጅ የእሷ ነው፤ ኩንቲያ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም፤ አማቷን ግን የሚያስፈራት ያ ዝምታ ነበር።

በማግስቱ ኩንቲያ ምሳ ሰዓት ላይ ያላሰበችውን ሠራች። አላሰበችውም ማለት እንኳ ልክ አይሆንም፤ ሌሊቱን ሙሉ አስባው ነበር። ነገሩ ቀላል መሰላት። ብልቃጧ ልታልቅ ነው። ትናንት በማሽኑ የተባዛው ግን ሦስተኛው ክፍል ቆሻሻ ማስቀመጫ ላይ አለ፤ ከአንዲት ጠብታው ብቻ እልፍ ብልቃጥ ይወጣል። የተባዛው ደግሞ ፊደል በፊደል ያው እሷ ነች። ያንን በብዙ ውሃ አቅጥና ለየቀኑ ሥራ ብትጠቀምበት፣ ዋናዋን ግማሽ ብልቃጥ መቆጠብ ትችላለች። ከበዓሉ በኋላስ፣ አሮጌው ሁሉ ሲጣል? ከቅጂው አንዲት ጠብታ ሌላ ቁጥር ጽፋ ብትደብቅ ማን ያውቃል።

ንጹሕ ውሃና አዲስ ብልቃጥ ያለው ግን በመጀመሪያው ክፍል ነው።

ሌሎቹ ሩዛቸውን ሊበሉ ወጥተዋል። ኩንቲያ ቢጫውን ጋዋን አውልቃ፣ ጓንቷን ቀይራ፣ ሰማያዊውን ለበሰች። የተባዛውን ብልቃጥ በኪሷ ይዛ ገባች። ጠብታ በሚስበው ፒፔት ከላዩ አንዲት ጠብታ ቀዳች፤ ከንጹሑ ውሃ ጋር አቀጠነች፣ ደግማ አቀጠነች። አስር አዲስ ብልቃጥ ሞላች፤ ዘጠኙ ላይ ሰማንያ ሦስት ጻፈች፤ አስረኛው ላይ ምንም አልጻፈችም። ጠረጴዛውን በበረኪና ወለወለችው። ፒፔቱን ግን በጨርቅ ከውጭ ነው የጠረገችው፤ ውስጡን አልፈታችውም። ሌላ ሰው ይህን ሲያደርግ ብታይ ኖሮ ከክፍሉ ታስወጣው ነበር።

ሦስት ቀን ምንም አልሆነም። ግራው አለች፤ ቀኙ የለም። ልቧ ረጋ።

በአራተኛው ቀን ከታኬዎ በኩል፣ ፕሬይ ክዳይ ከምትባል መንደር፣ አራት ናሙና መጣ። ቪሳል የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ገብቷል፤ ከአያቱ ዳክዬዎች ደግሞ ሦስቱ ሞተዋል። ከልጁ ጉሮሮና ከሦስቱ ዳክዬዎች የተወሰደው ጥጥ በአንድ የበረዶ ሣጥን ደረሰ። ከክፍለ ሀገሩ በየሰዓቱ ስልክ ይደወል ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ጄሉ ሲበራ አራቱም በሩ።

«ግራው?» አለ ቪቦል፣ ድምፁ ቀልድ የለበትም።

«አለች።»

«ቀኙ?»

ኩንቲያ ወደ ቀኝ አየች። የውሃው ቦታ ላይ የሆነ ነገር ነበረ፤ መስታወት ላይ የቀረ ትንፋሽ የሚያህል። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አሁንም ነበረ፤ ወይም ያለ መሰላት። ቪቦል ፎቶውን አንስቶ ነበር፤ በፎቶው ላይ አይታይም። ውሃው ቆሽሿል ካለች ሁሉም ከመጀመሪያው ይሠራል፤ ዶክተሯ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ታስፈትሻለች። አስሩ ብልቃጥም ይገኛል።

«የለም፤» አለች።

ዶክተር ሶፋኒት ፈረመች። ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ሐኪሞች መንደሯ ገቡ። የቪሳል አያት ሦስት መቶ አርባ ዳክዬ ነበራት። እስኪመሽ ድረስ ሁሉንም በጆንያ አፍነው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ኖራ በላያቸው ደፉ። ልጁን ሆስፒታሉ ለብቻው ክፍል አስገባውና የወፍ ጉንፋን መድኃኒት ጀመረለት።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቪቦል የፊደል ማንበቢያው ክፍል በር ላይ ቆሞ ጠራት። ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት በርቷል።

«ሚንግ፣ ነይማ እዪልኝ። ዓይኔ ታሞ እንደሆነ ልወቅ።»

ስክሪኑ ላይ ሁለት ረድፍ ፊደላት ነበሩ።

«ላይኛው የልጁ ነው። ታችኛው የእኛ ሰማንያ ሦስት፣ የጥንቱ። ስንት ቦታ ይለያያሉ?»

«ስንት?»

«ዜሮ። አንዲት ፊደል አልተለየም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ።»

«ቫይረስ እንዲህ አይቆይም፣ ቪቦል። በዓመት በዓመቱ ይለወጣል።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። የሆነ ቦታ ሳይለወጥ ተቀምጦ ቆየ ማለት ነው። በረዶ ውስጥ ይሁን የት ይሁን እንጃ። ይሄን የሰማ የለም። ስድስት ወር ተቀምጬ የለቀምኩት የቫይረስ ፊደል ሁሉ አሁን ትርጉም አገኘ። እንግዲህ በስሜ ይጠሩኛል፤ ሚስቴም ሳትቀር።»

«የዳክዬዎቹስ?»

«ሦስቱም ያው። የዛሬ አስራ አንድ ዓመቷ ሰማንያ ሦስት ተመልሳ መጣች ብትይ ይቀልሻል። ዓይኗ አፍንጫዋ ሳይቀር።»

ኩንቲያ የፊደሎቹን ረድፍ አየች። ይህን ረድፍ በቃሏ ታውቀዋለች። ለአንድ አፍታ፣ ማንም ሳያይባት፣ ደስ አላት። ተመልሳ መጣች የሚለው ቃል ሆዷ ውስጥ ገብቶ ሞቀ። ከዚያ ያ ሙቀት እንደገባ ወጣ፤ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

የተመለሰ የለም። እሷ ነች በኪሷ ይዛ የገባችው።

«ምነው ሚንግ? ቁርስ አልበላሽም?»

በዚህ ጊዜ ዶክተር ሶፋኒት ስልኳን በእጇ ይዛ ከኮሪደሩ ገባች። ፊቷ ደክሟል።

«የመንደሩ ልጅ ብሶበታል። ድዱ መድማት ጀምሯል፤ ክንዱ ላይም ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቷል። መድኃኒቱ አልያዘለትም ይላሉ።»

ኩንቲያ ድድ የሚያደማ ጉንፋን አይታ አታውቅም። ክረምት ነው፤ በየቤቱ ማሰሮ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል፤ ትንኙ በዝቷል። በዚህ ወቅት ድድ የሚያደማውን በሽታ የማያውቅ እናት የለም።

«ዶክተር፤» አለች። «አሁኑኑ ይደውሉላቸው። የደንጊ ምርመራ ያድርጉለት። በደም ሥሩ ፈሳሽ ያስፈልገዋል።»

«የወፍ ጉንፋን እያለበት?»

«ጉንፋን የለበትም።»

«ባንግ፣ አራቱንም ራስሽ ነሽ ያየሽው።»

«ያየሁት የልጁ አይደለም።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «የእኔ ነው። የተባዛውን ይዤ ወደ ንጹሑ ክፍል ተመልሻለሁ። ውሃውም በርቶ ነበር። አይቼ ነው የለም ያልኩት።»

ዶክተር ሶፋኒት ትንሽ አየቻት። ከዚያ ፊቷን አዙራ ደወለች። ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገር ሁለቱ ቆመው ሰሙ። አንድ ጊዜ ስለ ራሷ ላቦራቶሪ «ተሳስተናል» አለች፤ «ተሳስታለች» አላለችም።

ስልኩን ስትዘጋ ወደ ኩንቲያ ዞረች።

«አስራ ስድስት ዓመት። ይሄን ሕግ ለእኔ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ኩንቲያ የሎክ ክሩን ቃል አስታወሰች፤ የሚያውቅ አይኖርም ያሉትን። «ሰማንያ ሦስት ቁጥር ልጄ ናት፤» አለች። «ብልቃጧ ልታልቅ ነበር።»

ቪቦል ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ በቀስታ አጠፋው። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሰማው «አለች» አሁን ገና ገባው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ዶክተር ሶፋኒት።

«ምን ብዬ?»

ዶክተሯ ሥራ እንደምታዝ ሰው ሆና ተናገረች። ሦስቱም ክፍል ይዘጋል። ግድግዳው ሳይቀር በበረኪና ይታጠባል። የተከፈተ ውሃ፣ መድኃኒት፣ ፒፔት ይጣላል። ሰማንያ ሦስት ቁጥር ከነቅጂዋ ወደ ማምከኛው ይገባል።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ባንግ።»

«እኔ ላስገባት።»

ዶክተር ሶፋኒት ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ኩንቲያ ዘጠኙን ቅጂ ከነመደርደሪያው አወጣች። ያልተጻፈባትን አስረኛዋን ከደበቀችበት፣ ከአሮጌ የጓንት ሣጥን ሥር፣ ራሷ አምጥታ ጨመረች። ዋናዋን ግማሽ ብልቃጥ ከፍሪዘሩ ስታነሳ ጓንቷን አልፎ ቅዝቃዜው ጣቷን ነከሰው። መዳፏ ውስጥ ትንሽ ያዘቻት። በረዶው ቀልጦ ውስጧ ያለው ጠብታ ታየ፤ ውሃ ነው የሚመስለው። በቢጫው ከረጢት ከተተቻት፣ አፉን አሰረች፣ በማምከኛው ብረት ድስት ውስጥ አስቀመጠች። ቪቦል ክዳኑን በመዝጋት ረዳት፤ ከባድ ነው፣ ሁልጊዜም ሁለት ሰው ነው የሚዘጋው። እንፋሎቱ እስኪጨርስ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ ቪቦል «ዓይኗ አፍንጫዋ ያልኩትን . . .» ብሎ ጀመረና፣ «ተወው» አለችው።

በማግስቱ በታጠበ ክፍልና በአዲስ ፒፔት አራቱ የመንደሩ ናሙናዎች እንደገና ተሠሩ። ማመሳከሪያ ከሌላ ላቦራቶሪ ተለመነ። አራቱም ጨለማ ነበሩ። የቪሳል ደም ደንጊ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ቆየ፤ በሦስተኛው ቀን የሩዝ ገንፎ ጠየቀ።

መንደሯ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ኩንቲያ ልሂድ አለች። ዶክተር ሶፋኒት አብራት ሄደች። የልጁ አያት ከቤቷ ምሰሶዎች ሥር ቀርከሃ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከጀርባዋ ባዶ የመረብ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ በኖራ የነጣ አፈር ክምር። ዝናቡ ኖራውን ወደ ሩዙ ማሳ እያጠበው ነበር። ዶክተሯ ቀስ አድርጋ አስረዳች፤ ምርመራው ስህተት እንደነበረ፣ የሞቱት ሦስቱም ሻጋታ የያዘው መኖ በልተው ሳይሆን እንዳልቀረ።

አሮጊቷ ጨርሳ ሰማቻት።

«እንግዲያ ዳክዬዎቼ በሽተኞች አልነበሩም?»

«አልነበሩም።»

«እኔም ብያቸው ነበር፤» አለች አሮጊቷ። ጣቷን ወደ ጉድጓዱ ቀሰረች። «እንቁላል እየጣሉ ነበር። እየጣሉ ነው የወሰዷቸው።»

ኩንቲያ እጆቿን አጋጥማ ግንባሯ ድረስ አንስታ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዬይ፤» አለች፤ አያቴ ማለቷ ነው።

አሮጊቷ አላቃለለችላትም፤ አልሰደበቻትምም። «ልጅ አለሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«የለኝም።»

«እንግዲያ አታውቂውም፤» አለች አሮጊቷ፤ «ሁለት ቀን ይሞትብኛል ብዬ ጠበቅሁት።»

ዶክተር ሶፋኒት ልትናገር አፏን ከፈተች። ኩንቲያ ክንዷን ያዝ አድርጋ ከለከለቻት።

ከዚያ ወዲያ ኩንቲያን ወደ ንጹሑ ክፍል አላስገቧትም። ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ተቀመጠች፤ የመጣውን ብልቃጥ ቁጥር ትሰጣለች፣ በመዝገብ ትጽፋለች፣ በበረዶ ሣጥን ታሳልፋለች። ጄሉ የሚበራበት ስምንት ሰዓት ሲደርስ ቀና ትልና መልሳ ታቀረቅራለች። ቪቦል አንዳንዴ ሲያልፍ መስኮቱን መታ መታ ያደርጋል። ስለ ግራና ቀኝ ግን ጠይቋት አያውቅም።

የበዓሉ የመጨረሻ ቀን ጠዋት ፕሬይ ቬንግ ሄደች። አማቷ ምግቡን በሣህን ደራርባ፣ ነጭ ሸማዋን ለብሳ ፓጎዳው ደጃፍ ላይ እየጠበቀቻት ነበር። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሙታንን ስም ይመዘግባል። አማቷ የራሷን ሙታን አስጻፈች፤ አባቷን፣ እናቷን፣ ሁለት ወንድሞቿን። ከዚያ ወደ ኩንቲያ አየች። በስልክ የጠየቀቻትን አልደገመችውም።

ሽማግሌው እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ። «ሌላ አለ?»

«ልጻፈው?» አለች ኩንቲያ።

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ሰጣት። ቁጥር ሲጽፍ የኖረ እጅ ስለሆነ ፊደሉን ትንሽና ጥርት አድርጋ ነው የጻፈችው፤ ብልቃጥ ላይ እንደሚጻፈው። ማሊያ። አማቷ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ ማንበብ ባትችልም፣ በጣቷ ነካችው።

«እሷ ነች?»

«እሷ ነች፣ እማ።»

መነኮሳቱ ዝርዝሩን ሲያነቡ ሁለቱ ጎን ለጎን ተንበርክከው ነበር። ስሙ ብዙ ነው፤ አንባቢው ይፈጥናል፤ አንዱን ስም ከሌላው የሚለየው ትንፋሽ እንኳ የለም። ኩንቲያ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ማሊያ የሚለው በሁለት ሽማግሌዎች ስም መካከል መጣና አለፈ። ቀና ስትል አንባቢው ሌላ ገጽ ገልጧል።